የሰሊጥ አጨዳ ዘፈን ማን ይጻፈው?

(በተማሪዎች ማኅበር የፀደይ ምሽት ላይ የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ምሽት ርእስ «የፀደይ በዓልና ኪነ ጥበብ» መሆኑን በሰማሁ ጊዜ፥ እኔ የመተማ ልጅ ነኝና ሣቄ መጣ። በዘመን አቈጣጠራችን ፀደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ነው። በእኛ ቆላ ግን ይህ ወራት በብዛቱ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍበት፥ የዕጣኑ ዛፍ ቅጠሉን አራግፎ ዕርቃኑን የሚቆምበት ጊዜ ነው። ለእኛ ሰውም ዘፈንም የሚመጣው ከዝናቡ ጋራ ነው።

ሐምሌ ሲገባ ከበለሳ፥ ከደንቢያ፥ ከጎጃምና ከወሎ ወደ መተማና ወደ ቋራ ሠራተኛ ይወርዳል። ሰሊጥ በአረም ጊዜ ብዙ እጅ ይፈልጋል፤ በመስከረምና በጥቅምት አጨዳው ሲደርስ ደግሞ ፋታ አይሰጥም። ፍሬውን የያዘው ቅርፊት ሲደርቅ እየተከፈተ ዘሩን መሬት ላይ ያፈሰዋልና፥ ጥቂት ቀን የዘገየ ባለማሳ ይከስራል። ስለዚህ በጥድፊያ ይታጨዳል፤ ይታሰራል፤ ነዶው ቆሞ ይደርቃል፤ ከዚያም እየተገለበጠ ይራገፋል። እኔ ባደግሁበት ማሳ ይህ ሁሉ የሚሠራው በዘፈን ነበረ። አንዱ ያወጣል፤ ሌላው ይቀበላል፤ ማጭዱም ምቱን ይከተላል። በአንድ ረድፍ የቆሙት ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ናቸውና፥ የበለሳው ያወጣውን የወሎው በራሱ ለዛ ይመልሰዋል። ማታ በእሳት ዙሪያ ደግሞ የናፍቆት እንጉርጉሮ ይሰማል።

በአባቴ ማሳ ላይ ስድስት አጨዳ ተከታትሎ የመጣ አንድ አውጪ ነበረ። አንድ ቀን «አያ፥ ይህን ዘፈን ከማን ተማርኸው?» ብዬ ጠየቅሁት። «ከአባቴ፤ አባቴም ከደቦ። ምነው ተማሪው፥ እናንተ ቤት ዘፈንም ይማሩታል እንዴ?» ብሎ ሣቀብኝ። እኔም አብሬ ሥቄ ዝም አልሁ። በኪሴ ድምፅ የሚቀዳ ስልክ ነበረኝ፤ ኳስ ተመለከትሁበት እንጂ የእርሱን አንድ ዘፈን እንኳ አልቀዳሁበትም። ባለፈው ዓመት ያገሩ ልጆች ብቻቸውን መጡና መሞቱን ነገሩን። በዚያ አጨዳ ሠራተኞቹ የዘፈኑን መጀመሪያ አነሡ፤ መካከሉን ግን ፈልገው አጡት። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቈጠራል የተባለው በእኔ ደረሰ።

መተማ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስታውሰው ጦርነትን ነው። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከደርቡሾች ጋራ ሲዋጉ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ቈስለው በማግሥቱ ዐረፉ፤ ከተማዋም መተማ ዮሐንስ ተብላ ትጠራለች። ነገር ግን ይህችው ከተማ ከጦርነቱ አስቀድሞም የታወቀች የነጋዴ መናኸሪያ ነበረች፤ ሸቀጥ ባለፈበት መንገድ ዜማም ያልፋል። የእኛ ክራርና የሱዳኖች ጠምቡር የአንድ ቤተሰብ መሣሪያዎች ናቸው። በሁለቱም አገር ዘፈኑ በአምስት ድምፅ ቅኝት ላይ ስለሚቆም፥ ዐረብኛ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የመሐመድ ወርዲን ዜማ ሲሰማ እንግዳ አይሆንበትም። በዚሁ ቆላ የሚኖሩት የጉሙዝ ወንድሞቻችንም በገዛ ቋንቋቸው የሚዘፍኑት አለ፤ እኛ ጎረቤቶቻቸው ግን አንዱን እንኳ ተርጕመን አናውቅም።

ጊዜው ደግሞ አይጠብቀንም። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲነሣ በሺህ የሚቈጠር ሕዝብ በመተማ በኩል ወደ እኛ ገባ። በግንቦት ወር የባጋራ ሕዝብን ባህላዊ ዘፈን ስታጠናና ስትዘፍን የነበረችው ሻዲን ገርዱድ በኦምዱርማን በተኩስ መካከል ተገደለች። ዘፈን ሰብሳቢዋ ስትሞት፥ ገና ያልተጻፈው ሁሉ አብሯት ይቀበራል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ሌሎች ያደረጉትን እንመልከት። በስኮትላንድ በኤዲንብራ ከተማ በሚያዝያ 22 ሌሊት፥ ካልተን በተባለው ኮረብታ ላይ ችቦ እየተለኰሰ ከበሮ እየተመታ፥ ቤልተን የተባለው የፀደይ በዓል ይከበራል። ሥሩ ጥንታዊ ነው፤ በዛሬው መልኩ የተጀመረው ግን በአውሮፓ አቈጣጠር በ1988 ነው። ጀማሪዎቹን ከረዷቸው መካከል የዩኒቨርሲቲው የስኮትላንድ ጥናት ትምህርት ቤት ሊቃውንት ይገኙበታል። ያ ትምህርት ቤት በ1951 ተቋቋመ። ከባልደረቦቹ አንዱ፥ ባለቅኔው ሃሚሽ ሄንደርሰን፥ በእነዚያ ዓመታት መቅጃ ይዞ ወደ ብሌርጋውሪ የእንጆሪ ማሳ ሄዶ፥ ለለቀማ የመጡትን ዘላን ሰዎች ዘፈን ከአፋቸው ቀዳ። ልብ በሉ! ምሁሩ የሄደው ከእኛ ሰሊጥ አጫጅ ጋራ ወደሚመሳሰል የቀን ሠራተኛ ነው። ዛሬ በከተማይቱ የሚደምቀው በዓል እንዲህ ያለ መዝገብ ከኋላው አለው።

የእኛ ዕረፍት በክረምት ነው፤ የሰሊጥ አረምም በክረምት ነው። ስለዚህ ለማኅበራችን የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። አገር ቤት የሚገባ ተማሪ ሁሉ ቢያንስ አንድ ዘፈን ይቅዳ፤ ከዘፋኙ ፈቃድ ይጠይቅ፤ አገሩን፥ ዘፈኑን ከማን እንደ ተማረው፥ በምን ሥራ ላይ እንደሚዘፈን ይጻፍ። መንገዱ ሰላም ካልሆነ ማንም ሕይወቱን ለአደጋ አይስጥ፤ ሠራተኛው ሲወርድና ሲመለስ በከተሞች መናኸሪያ ያድራልና እዚያ ይገኛል። በሚመጣው ፀደይ በዚሁ አዳራሽ የባህል ምሽት ስናዘጋጅ፥ እኛ የገበሬ ልብስ ለብሰን ከመጨፈር ይልቅ አውጪዎቹን ራሳቸውን የመንገድና የድካም ዋጋ ከፍለን እንጥራቸው፤ እኛ ተቀባይ እንሁን።

ያ ሰው ዘፈን በትምህርት ቤት ይማሩት እንደ ሆነ ጠይቆኝ ነበር። በሕይወቱ ሳለ አልመለስሁለትም። መልሱ ከዛሬ ጀምሮ በእጃችሁ ነው።