አንድ ስም፣ ሁለት ሥራ
(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ንግግሬ አርእስት ሲሰማ ጠባብ ነው። ይኸውም ተጠቃሚው በሚያየው ገጽ ላይ የሚጻፈው የስክሪፕት ቋንቋ፣ ከበስተኋላው በቆመው ፕሮግራም ውስጥ የተወረሱትንና በአንድ ስም የሚጠሩትን ሜተዶች ሲጠራ ስለሚደርሰው መደናገር ነው። ይሁን እንጂ በብቸና ወይም በሞጣ ጤፉን አስመዝኖ በደብተሩ ያስጻፈ ገበሬ፣ ሒሳቡ በሌላ ሰው ስም ሠፍሮ እንዲያገኘው የሚያደርግ ስሕተት ከዚሁ ጠባብ ነገር ሊፈልቅ ይችላል፤ ስለዚህ ጥቂት ጊዜ ብንሰጠው አይበዛበትም።

ሙያቸው ሌላ ለሆነ አባላት ሲባል ቃላቱን አስቀድሜ ላብራራ። ክላስ የምንለው አንድን ዐይነት ነገር፣ ለምሳሌ መዝገብን፣ ከነጠባዩና ከነሥራው የሚገልጽ የፕሮግራም ክፍል ነው፤ ሜተድ ደግሞ ያ ነገር ሲታዘዝ የሚፈጽመው ሥራ ነው። አንድ ክላስ ከሌላው ተወልዶ የወላጁን ሥራዎች ሊወርስ ይችላል። ይህን የውርስ አሳብ ኦሌ ዮሃን ዳልና ክሪስተን ኒጎር የተባሉ ኖርዌያውያን ኦስሎ ላይ ባዘጋጁት ሲሙላ 67 በተባለው ቋንቋ አስገቡት፤ ብያርነ ስትሮስትሩፕም እ. ኤ. አ. ከ1979 ጀምሮ ባበጀውና ኋላ ሲ ፕላስ ፕላስ በተባለው ቋንቋ ከዚያው ወሰደው። ሲ ፕላስ ፕላስ በዚህ ላይ ሌላ ፈቃድ አከለ፤ የሚቀበሉት ነገር በብዛት ወይም በዐይነት እስከ ተለያየ ድረስ ብዙ ሜተዶች አንድ ስም ሊጋሩ ይችላሉ። ኪዩት የተባለው የገጽ መሥሪያም እ. ኤ. አ. በ1995 ለሕዝብ የቀረበው ከዚያው ከኦስሎ ነው። (ኖርዌያውያን በዚህ ሙያ ያላቸው ድርሻ ከሕዝባቸው ብዛት ጋር ሲመዛዘን ያስደንቃል።) እ. ኤ. አ. በ2010 ኪው ኤም ኤል የሚባል የገጽ መግለጫ ቋንቋ ተጨመረበት፤ በዚህ ውስጥ የሚጻፈው ትእዛዝ ጃቫስክሪፕት ነው። እንግዲህ በአንድ ፕሮግራም ሁለት ቋንቋዎች፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች፣ ይኖራሉ ማለት ነው።

አሁን ምሳሌ እናስብ። አንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር በብቸናና በሞጣ የእህል መረከቢያ አለው እንበል። ፕሮግራሙን የሠራው ሰው «መዝገብ» የሚባል ወላጅ ክላስ አበጀ፤ በውስጡም «ፈልግ» የሚል ሜተድ አኖረ። ይህ ሜተድ ሙሉ ቍጥር ተቀብሎ በዝርዝሩ በዚያ ተራ ላይ ያለውን ሰው ያወጣል። ቀጥሎ «የአባላት መዝገብ» የሚባል ልጅ ክላስ ከዚያ አስወለደና በእርሱም ውስጥ «ፈልግ» የሚል ሌላ ሜተድ ጻፈ፤ ይህኛው ግን ጽሑፍ ተቀብሎ ያ የደብተር ምልክት ያለውን አባል ያወጣል። ሁለቱም ፍለጋ ስለ ሆኑ ስሙ አንድ መሆኑ ለአንባቢ የተፈጥሮ ይመስላል።

በሲ ፕላስ ፕላስ ሕግ መሠረት ግን ልጁ የወላጁን ስም በደገመ ጊዜ የወላጁ ሜተድ ይሰወራል። ልጁን «7ኛውን ፈልግ» ብሎ በቍጥር የሚያዝዝ ሰው ቢኖር፣ ኮምፓይለሩ ቍጥሩን ወደ ጽሑፍ መለወጥ ስለማይችል ፕሮግራሙን አልቀበልም ይላል። ይህ መልካም ጠባይ ነው፤ ሠራተኛው ወዲያው ነቅቶ «የወላጄንም ፈልግ እጠቀማለሁ» የሚል አንድ መሥመር ይጨምራል፤ የተሰወረውም ይገለጣል።

መከራው የሚጀምረው ከላይኛው ንብርብር ሲጠራ ነው። ኪዩት ገና ኮምፓይለሩ ሥራውን ሳይጀምር የምንጩን ጽሑፍ በሌላ መሣሪያ ያስነብብና ለስክሪፕቱ የሚታዩትን ሜተዶች ዝርዝር ያዘጋጃል። ያ መሣሪያ ከላይ የጠቀስኩትን የማስገለጫ መሥመር ሜተድ ብሎ አይቈጥረውም። በዚህም ላይ፣ ቢያንስ በአምስተኛው የኪዩት ትውልድ፣ ስክሪፕቱ አንድ ስም ካላቸው ሜተዶች መካከል የሚመርጠው በአንድ ክላስ ውስጥ ከተጻፉት ብቻ ነው። ከዚህ የተነሣ ለኮምፓይለሩ የተገለጠው የወላጅ ሜተድ ለስክሪፕቱ እንደ ተሰወረ ይቀራል። ስክሪፕቱም እንደ ኮምፓይለሩ አይጮኽም፤ ጃቫስክሪፕት ቍጥርን ወደ ጽሑፍ መለወጥ ልማዱ ስለ ሆነ፣ 7 የሚለውን ቍጥር «7» የሚል ጽሑፍ አድርጎ ያገኘውን አንዱን ሜተድ ይጠራል። 7ኛው ሰው ተጠየቀ፤ ደብተሩ 7 የሆነው ሰው መጣ።

በብቸና ይህ ሳይታወቅ ሊኖር ይችላል። መረከቢያው አዲስ ነው፣ ደብተሮቹም በተራ ከ1 ጀምሮ ታድለዋል እንበል፤ 7ኛው ሰው ያው ባለ 7 ደብተሩ ሰው ነው። ፕሮግራሙ ተፈትኖ አለፈ ይባላል። በሞጣ ግን መዝገቡ ቈይቷል፤ አባላት ለቀዋል፣ ሞተዋል፣ ለልጅ የተላለፈ ደብተር አለ፤ ስለዚህ በዝርዝሩ 7ኛው ሰው ደብተሩ 12 ሊሆን ይችላል። ጸሓፊዋ ከፊቷ ባለው ዝርዝር 7ኛውን ስም ስትነካ ሌላ ስም ይከፈትላታል፤ ወረፋው ረዝሞ፣ ገበያው ደርቶ ሳለ ስሙን ደግማ ካላነበበች የአንዱ ኩንታል በሌላው ይጻፋል። ምንም የስሕተት መልእክት አልወጣም። ገበሬው ሲያመለክትም «ኮምፒዩተሩ ይህን ይላል» የሚለው መልስ ይጠብቀዋል፤ ከዚህ መልስ ጋር መከራከር ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ከእኛ ይልቅ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው።

ለአማርኛ አንባቢ ይህ ነገር እንግዳ ሊሆንበት አይገባም። ፊደላችን መጥበቅንና መላላትን አይለይም። «አለ» ላልቶ ሲነበብ ተናገረ ማለት ነው፣ ጠብቆ ሲነበብ ይገኛል ማለት ነው፤ «ይመታል» በአንዱ አነባበብ መቺውን፣ በሌላው ተመቺውን ያመለክታል። በጽሑፍ አንድ የሆነውን ስም ከሁለት ሥራዎች ወደ አንዱ የሚመራው በዙሪያው ያለው ነገር ነው። ከብቸና ብዙም በማይርቀው በዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ የሚማር ተማሪ ይህን ልዩነት ከመምህሩ አፍ እየሰማ ያጠናል፤ የተሰወረውን ወርቅ ከሰሙ መለየት ትምህርቱ ነውና አይቸገርም። በዚያው በዲማና ከብቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለው በደብረ ወርቅ የተማሩት ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ ግን፣ በ1958 ዓ. ም. ለሕዝብ ባቀረቡት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ በሚጠብቁት ፊደሎች ራስ ላይ ነጥብ አድርገዋል። እኒህ ሰው ቅኔ የቈጠሩ ነበሩ፤ ነጥቡ ለእርሳቸው አያስፈልግም ነበር። ያስፈለገው መምህር አጠገቡ ለሌለው አንባቢ ነው። ልማዱ አልተስፋፋም እንጂ፣ የመጥበቅ ምልክት እ. ኤ. አ. በ2005 በዩኒኮድ የፊደላት ሠንጠረዥ ውስጥ ለኢትዮጵያ ፊደል የራሱን ስፍራ አግኝቷል።

ስክሪፕቱም መምህር አጠገቡ የሌለ አንባቢ ነው። የኮምፓይለሩን እውቀት አልወረሰም፤ ስሙን ብቻ ያያል። ስለዚህ ነጥቡን ልናደርግለት ይገባናል።

መንገዱ ከአንድ በላይ ነው። ሁለቱንም «ፈልግ» በልጁ ክላስ ውስጥ እንደገና ጽፎ አንዱን ወደ ወላጁ ማስተላለፍ ይቻላል፤ እንዲህ ሲሆን ስክሪፕቱ ቍጥሩንና ጽሑፉን ለይቶ ይመርጣል። ይህ ይሠራል፤ እኔ ግን አልመርጠውም። የደብተሩ ምልክት ከሌላ ምንጭ በቍጥርነት ቢመጣ ጥሪው እንደገና ወደ ተሳሳተው ደጅ ይሄዳል። ሙሉ ቍጥርንና ክፍልፋይን ለመለየት ሲፈለግ ደግሞ ጭራሽ አይረዳም፤ ጃቫስክሪፕት 50ን ከ50.0 አይለይምና። ሙሉ ቍጥር ለኩንታል፣ ክፍልፋይ ለኪሎ ብሎ በአንድ ስም «መዝን» የሚል ሜተድ የጻፈ ሰው፣ በስክሪፕቱ በኩል 50 ኪሎውን ከ50 ኩንታሉ የሚለይበት ነገር አይኖረውም፤ ልዩነቱም መቶ እጥፍ ነው።

በጃቫ በኩል የሠሩ ሰዎች ሌላ ብልኀት ነበራቸው። ራይኖና እ. ኤ. አ. በ2014 ከጃቫ 8 ጋር የመጣው ናስሆርን የተባሉት የስክሪፕት አስኪያጆች፣ የሜተዱን ስም ከሚቀበለው ዐይነት ጋር በቅንፍ ጽፎ መጥራትን ይፈቅዳሉ። ናስሆርን እ. ኤ. አ. በ2020 ከጃቫ 15 ወጥቷል፤ አሳቡ ግን ያው የነጥቡ አሳብ ነው።

እኔ የምመክረው ከሁሉ ቀላሉን ነው። ከታች፣ በሲ ፕላስ ፕላስ ውስጥ፣ ስሞች ቢጋሩ ኮምፓይለሩ ይጠብቃቸዋል። ወደ ገጹ በሚወጡበት ድንበር ላይ ግን አንዱ «በተራ ፈልግ»፣ ሌላው «በደብተር ፈልግ» ይባል። ስሙ ረዘመ፣ ውበቱ ቀነሰ የሚሉ ባልደረቦች አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ወላጅ ክላሱ የሌላ ሰው ሥራ ሆኖ ስሙን መለወጥ ባይቻል፣ በመካከል ቀጭን ክላስ አኑሮ አዲሱን ስም ለእርሱ መስጠት ይበቃል፤ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው።

ፈተናውንም በተመለከተ፣ ተራው ከደብተሩ ጋር የሚገጥም መዝገብ ይህን ስሕተት ፈጽሞ አያሳይም። ስለዚህ ፈታኙ ሆን ብሎ የተዘበራረቀ፣ የጐደለ፣ በመካከሉ የተሠረዘ ደብተር ያለበት ዝርዝር ያዘጋጅ፤ ጥሪውንም ከገጹ እንጂ ከታች አይጀምር። ከታች የተጻፈ ፈተና በኮምፓይለሩ ዐይን ስለሚያይ ሁልጊዜ ያልፋል።

ጥያቄ ያላችሁ አባላት ብትኖሩ ለመመለስ ዝግጁ ነኝ።