ኮምፒውተር ከተጻፈለት ፍጥነት በታች የሚሠራበት ምክንያት
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን፣ እንፍራንዝ፣ በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



በዛሬው በዓል ስለ ትምህርት ጥቅም እንድናገር ታስቦ ነበር። እኔ ግን መምህሬን አስፈቅጄ፣ ባለፈው ታኅሣሥ ወር በዚሁ ግቢ ውስጥ ጠብ ስላስነሣው ነገር ለመናገር መርጫለሁ። ጠቡን ያስነሣሁት እኔ ስለ ሆንሁ፣ ነገሩን መግለጥ የሚገባውም ለእኔ ነው።

ወላጆቻችን ከሽንብራና ከጤፍ ሽያጭ አዋጥተው፣ አሥራ ሁለት ያገለገሉ ላፕቶፖች ጎንደር ከሚኖሩ አንድ ነጋዴ እንደ ገዙልን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የዋጋው ግማሽ ተከፍሎ፣ ግማሹ ለጥር ወር ተቀጥሮ ነበር። ነጋዴው በሰጡን ወረቀት ላይ የእያንዳንዱ መኪና ፍጥነት 3.4 ጊጋኸርዝ ነው የሚል ተጽፏል። እኔ አንድ ቀን ከትምህርት በኋላ አንዱን ከፍቼ፣ መኪናው ስለ ራሱ የሚናገርበትን ገጽ ብመለከት 0.79 ይላል። ሁለተኛውን ብከፍት እንደዚያው ነው። ሳልውል ሳላድር ለጓደኞቼ «ተታለናል፤ የተባለውን ሩቡን እንኳ አላገኘንም» ብዬ አወራሁ። ወሬው በገበያ ቀን ለወላጆች ደረሰ፤ ቀሪው ገንዘብ እንዳይከፈል ተባለ፤ ነጋዴውም ተጠርተው መጡ።

በስብሰባው ላይ ነጋዴው ብዙ አልተናገሩም። «እኔ የጻፍሁት ሠሪው የጻፈውን ነው» ብለው አንገታቸውን ደፉ። ሐሰተኛ ሚዛን የሚያስቀጣ ኃጢአት መሆኑን ከልጅነታችን ጀምሮ ስለ ተማርን፣ በጉባኤው ውስጥ የሚያዝንላቸው ሰው አልነበረም። ከወላጆች ኮሚቴ አንድ ሽማግሌ ግን ወደ እኔ ዞር አሉና «ልጄ፣ ለክተኸዋል ወይስ አይተኸዋል?» ሲሉ ጠየቁኝ። የምመልሰው አጣሁ። የፊዚክስ መምህራችን ተነሥተው ሦስት ሳምንት እንዲሰጠኝ ለመኑልኝ። ዛሬ የምነግራችሁ በዚያ ሦስት ሳምንት ውስጥ ያገኘሁትን ነው።

አስቀድሞ ቁጥሩ ምን ማለት እንደ ሆነ ላስረዳ። ፕሮሰሰር የሚባለው የኮምፒውተሩ አሳቢ ክፍል ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም የማይበልጥ ስስ የሲሊከን ቁራጭ ነው። በውስጡ በዐይን የማይታዩ፣ በመቶ ሚሊዮንና በቢሊዮን የሚቆጠሩ የኤሌክትሪክ መክፈቻና መዝጊያዎች አሉ። እነዚህ ሁሉ የሚሠሩት በአንድ ምት ነው፤ በማኅሌት ጊዜ መዘምራኑ ሁሉ የከበሮውን ምት ተከትለው እንደሚወዛወዙ ማለት ነው። አንድ ጊጋኸርዝ ማለት በአንድ ሴኮንድ ውስጥ አንድ ቢሊዮን ምት ነው። 3.4 ሲባል እንግዲህ ሦስት ቢሊዮን ከአራት መቶ ሚሊዮን ምት መሆኑ ነው።

የመጀመሪያውን ነገር ያገኘሁት የሠሪውን ሰነድ በማንበብ ነው። በሰነዱ ላይ የተጻፈው ፍጥነት አንድ ሳይሆን ሁለት ነው፤ 1.6 እና 3.4። ፊተኛው፣ በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያሉት አራቱ ክፍሎች፣ ኮር የሚባሉት፣ ሁሉም አብረው ለረጅም ጊዜ ሲደክሙ ሊይዙት የሚችሉት መሠረታዊ ፍጥነት ነው። ኋለኛው ደግሞ አንዱ ኮር ብቻውን ሲሠራ፣ ቀዝቃዛ ሳለ፣ ለጥቂት ጊዜ የሚደርስበት ጣራ ነው። ከፋብሪካው እስከ ሻጩ ድረስ ወረቀቱ በእጅ በእጅ ሲተላለፍ ትንሹ ቁጥር ወደቀና ትልቁ ብቻ ቀረ። ማንም ሰው ሐሰት አልጻፈም፤ እውነቱ ግን ጎደለ።

ይህ ነገር የኮምፒውተር ብቻ አይደለም። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድባችን 13 ተርባይኖች ያሉት ሲሆን ኀይሉ 5,150 ሜጋ ዋት ነው እንላለን። በዓመት ይሰጣል ተብሎ የታሰበው ግን 15,760 ጊጋ ዋት ሰዓት ነው። ይህን በዓመቱ 8,760 ሰዓቶች ብናካፍለው 1,800 ሜጋ ዋት ያህል ይመጣል። ዓባይ በክረምትና በበጋ እኩል ስለማይፈስና ተርባይኖቹም ሁልጊዜ ሁሉም አብረው ስለማይዞሩ ነው እንጂ፣ ስለዚህ ግድቡ ሐሰት ነው የሚል ሰው የለም። ጣራውና የዘወትሩ ሥራ ሁለት ነገር ናቸው።

ፕሮሰሰሩ ግን ወንዝ የለውም፤ ታዲያ ዘወትር በ3.4 እንዳይሮጥ የሚከለክለው ምንድር ነው? የሚከለክለው ሙቀት ነው። የእኛ መኪናዎች ፕሮሰሰር ለዘወትር ሥራ የተፈቀደለት 15 ዋት ነው። 15 ዋት ትንሽ አምፖል ስለ ሆነ ምን ያህል ይሞቃል ትሉ ይሆናል። እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር። እናቴ ቤት ያለው የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ይበላል፤ ስፋቱን ብለካው ከዳር እስከ ዳር 58 ሳንቲ ሜትር ሆነ። ይህ በአንድ ካሬ ሳንቲ ሜትር 1.3 ዋት ያህል ነው። የፕሮሰሰሩ 15 ዋት ግን የሚወጣው ከ1.2 ካሬ ሳንቲ ሜትር ስለ ሆነ፣ ለእያንዳንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር ከ12 ዋት በላይ ይደርሰዋል። እንጀራ ከሚጋገርበት ምጣድ ወደ አሥር እጥፍ የሚጠጋ መሆኑ ነው! ይህን ሒሳብ ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ሠራሁት፤ እናቴም ምጣዱን በሜትር ስለካ አይታ ልጁ ምን ነካው ብላ ነበር።

ይህም በመሠረታዊው ፍጥነት ነው። ምቱን ለማፋጠን ሲፈለግ ቮልቴጁም መጨመር አለበት፤ ሙቀቱ ደግሞ በምቱ ልክና በቮልቴጁ በራሱ ተባዝቶ ይጨምራል። ምቱ አንድ ጊዜ ተኩል ቢሆንና ቮልቴጁ አንድ አምስተኛ ቢጨመር፣ 1.5 በ1.2 በ1.2 ሲባዛ 2.16 ነው። በግማሽ ፍጥነት ጭማሪ ከእጥፍ በላይ ሙቀት ገዛን ማለት ነው። ስለዚህ ፕሮሰሰሩ በውስጡ የራሱን ሙቀት የሚለካ ነገር አለው፤ ወደ 100 ዲግሪ ሲደርስ ራሱ ምቱን ይቀንሳል። ባይቀንስ ይቃጠል ነበር።

ከዚህ በኋላ መለካት ጀመርሁ። አራቱም ኮሮች ያለ ዕረፍት የሚከፋፈሉ ቁጥሮችን ከማይከፋፈሉት እንዲለዩ ሥራ ሰጠኋቸው። በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ፍጥነቱ ከ3 በላይ ነበር፤ ከዚያ እየወረደ ሄዶ በአሥረኛው ደቂቃ 1.8 ላይ ቆመ። ይህ ሰነዱ ከሚለው 1.6 ይበልጣል። አራት መኪናዎች ግን ከ1.6 በታች ወርደው እስከ 1.1 ደረሱ። ጀርባቸውን ብንፈታ ማራገቢያቸው በአቧራ ተደፍኗል፤ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መዳብ መካከል የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ቅባትም ደርቆ እንደ ቅርፊት ሆኗል። ከመንገዱ የሚነሣው አቧራ በቤታችን መደርደሪያ ላይ ምን እንደሚያደርግ እናንተ እናቶች ከእኔ ይልቅ ታውቃላችሁ።

ሌላም የአገራችን ነገር አለበት። ጣና ራሱ የተኛው ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ እኛም ከእርሱ በላይ ነን። በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው አየር አንድ ስድስተኛ ያህል ይሳሳል። ደባርቅ ላይ ደግሞ ሩብ ያህል ይጎድላል። ማራገቢያው እዚህም እዚያም እኩል ይዞራል፤ በአንድ ዙር የሚገፋው አየር ግን ስስ ስለ ሆነ ይዞት የሚሄደው ሙቀት ያነሰ ነው። ለትልልቅ ኮምፒውተሮች የሚወጡ መመሪያዎችም፣ ቦታው ከፍ ባለ መጠን ክፍሉ ይበልጥ ቀዝቃዛ እንዲሆን ያዛሉ። የሊማሊሞን ዳገት የሚወጣ የጭነት መኪና ሞተሩ የሚደክመው በዳገቱ ብቻ አይደለም፤ አየሩም አንሶት ነው። በእኛ የኮምፒውተር ክፍል ላይ ደግሞ የቆርቆሮው ጣራ ይጨመርበታል። በመጋቢት ከሰዓት በኋላ በዚያ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ሰው ስለ ምን እንደምናገር ያውቃል።

ይሁን እንጂ እኔ ያየሁት 0.79 እስካሁን አልተፈታም። ይህ ከሁሉ ይልቅ ያሳፈረኝ ነው። አንደኛ፣ ፕሮሰሰር ሥራ ሲፈታ ኤሌክትሪክ ለመቆጠብ ሲል ራሱ ምቱን ዝቅ ያደርጋል፤ እኔ ገጹን ከፍቼ ዝም ብዬ ስመለከት መኪናው ሥራ ፈት ነበር። ተኝቶ ያገኙትን በሬ ማረስ አይችልም እንደ ማለት ነው። ሁለተኛ ግን፣ እነዚያን ሁለት መኪናዎች ሥራ ሰጥቼም ከ0.79 አልተነሡም። ምክንያቱን ያገኘሁት ቻርጀራቸውን ከሌላው መኪና ጋር በለዋወጥሁ ጊዜ ነው። ቻርጀሩ የማይታወቅ ወይም ኀይሉ ያነሰ ሲሆን፣ ብዙ ላፕቶፖች በቂ ኤሌክትሪክ አላገኘሁም ብለው ራሳቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ሁለት ቻርጀሮች ተበላሽተው በርካሽ የተተኩ ነበሩ። የተኩትስ እነማን ናቸው? እኔ ጸሐፊ የሆንሁበት የተማሪዎች ኮሚቴ ነው።

እዚህ ላይ ምቱ ትክክል ሆኖም መኪና የሚዘገይበትን ምክንያት ጨምሬ ልናገር፤ ብዙ ሰው የሚማረርበት እርሱ ነውና። ወፍጮ ቤት ሄዳችሁ ወፍጮው እየዞረ እህል የሚያቀርብለት ሰው ቢጠፋ፣ የድንጋዩ ፍጥነት ምን ይጠቅማል? ፕሮሰሰሩ የሚፈልገውን ቁጥር ከዋናው ማኅደረ ትውስታ ለማምጣት ከአንድ ሴኮንድ አንድ ቢሊዮንኛ ወደ መቶ የሚጠጋ ጊዜ ይፈጃል። ትንሽ ይመስላል፤ በ3 ጊጋኸርዝ ሲቆጠር ግን 300 ምት ያህል በከንቱ ያልፋል። የሚሽከረከር ሐርድ ዲስክ ላይ ያለ እንደ ሆነ ደግሞ የሴኮንድ አንድ መቶኛ ያህል፣ ማለት 30 ሚሊዮን ምት መጠበቅ ይመጣል። መኪናው ተንቀራፈፈ ስንል ብዙውን ጊዜ ወፍጮው እየጠበቀ ነው።

በዚህ ቁጥር የተደናገርነው እኛ ብቻ አይደለንም። በ1994 ዓ.ም. ኤ.ኤም.ዲ. የተባለው ኩባንያ 1800+ ብሎ የሸጠው ፕሮሰሰር በእውነቱ የሚመታው በ1.53 ጊጋኸርዝ ነበር። ኩባንያው በአንድ ምት ብዙ ሥራ ስለሚሠራ በምት ብቻ አትመዝኑት የሚል ክርክር ነበረው፤ እኔም ክርክሩ እውነት አለበት እላለሁ፤ ቁጥሩ ግን የምት ቁጥር እንዲመስል ሆኖ መመረጡን አልወደድሁትም። ተወዳዳሪው ኢንቴል በ1993 ዓ.ም. በ1.4 እና በ1.5 ጊጋኸርዝ የጀመረውን ፔንቲየም 4 ወደ 4 ጊጋኸርዝ አደርሳለሁ ብሎ ተናግሮ ነበር። ሙቀቱ ግን አላስኬደውም። በጥቅምት ወር 1997 ዓ.ም. ዕቅዱን ሰረዘ፤ የኩባንያው መሪ ክሬግ ባሬት በአንድ ጉባኤ ላይ እንደ ቀልድ አድርገው በጉልበታቸው ተንበርክከው ይቅርታ ለመኑ። ከዚያ ወዲህ ፋብሪካዎቹ አንዱን ክፍል ከማስሮጥ ይልቅ ኮሮችን ወደ ማብዛት አዘነበሉ፤ የእኛ መኪናዎች አራት ኮር ያላቸው በዚህ ምክንያት ነው።

እኔ በቀልድ የምንበረከክበት መንገድ አልነበረኝም። ሪፖርቴን ለወላጆች ኮሚቴ ባነበብሁ ዕለት፣ በአገራችን ልማድ ድንጋይ በጫንቃዬ ተሸክሜ ነጋዴው ፊት ቆምሁ። እርሳቸውም ድንጋዩን ከላዬ አወረዱልኝ። ቀሪው ገንዘብ በዚያው ሳምንት ተከፈላቸው። ያ «ለክተኸዋል ወይ» ያሉኝ ሽማግሌ ግን ነጋዴውንም እንዲሁ በባዶ አልለቀቋቸውም፤ «ከእንግዲህ ሁለቱንም ቁጥር ይጻፉ» አሏቸው። ነጋዴውም እሺ ብለው፣ ወዲያው በያዙት ወረቀት ላይ ከ3.4 አጠገብ 1.6ን በገዛ እጃቸው ጻፉ። ወረቀቱ በጽሕፈት ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል።

በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ለአንዳንድ ተማሪዎች በኮምፒውተር መሰጠት ስለ ጀመረ፣ ብዙ ጓደኞቼ መኪናው በመካከል ይዘገይብናል ብለው ይፈራሉ። ስለ ፕሮሰሰሩ አትፍሩ። ጥያቄ ለማሳየትና መልስ ለመቀበል ያ የናቅሁት 0.79 እንኳ ከበቂ በላይ ነው። የሚያሰጋው መብራቱና መስመሩ ነው፤ እርሱን ደግሞ እኔ አልለካሁም።

አቧራቸው ከተጠረገ ወዲህ ከአሥራ ሁለቱ አሥራ አንዱ ከመሠረታዊው ፍጥነት በላይ ይሠራሉ። አሥራ ሁለተኛው ተጠርጎም፣ ቅባት ተለውጦለትም፣ ቻርጀሩ ትክክል ሆኖም ከ1.3 አልወጣም። ምክንያቱን ገና አላገኘሁትም። የፊታችን ቅዳሜ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ እንፈታዋለን፤ ማየት የሚፈልግ ተማሪም ወላጅም ይምጣ፤ ንጹሕ ጨርቅ ያለው ይዞ ይምጣ።