የገና ዕርድና የቤት ውሻ

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ ውሻና ስለ ድመት ለመናገር ከዚህ ስንቆም አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ስትሉ እናያለን፤ አንቀየምም። ነገር ግን ገና ሲቃረብ በተክለ ሃይማኖት መንደሮች ውስጥ የተመላለሰ ሰው በየግቢው በግ ሲጎተት፣ ዶሮ ሲንጠለጠል፣ ጎረቤት ለቅርጫ ገንዘብ ሲያዋጣ ያያል። ሰንጋ ተራም ምንም እንኳ ዛሬ ስሙ ብቻ ቀርቶ የባንክ ፎቅ የቆመበት ቢሆን፣ የቅርጫው ልማድ ከአካባቢው አልጠፋም። የምንናገረውም በዚያ ዕለት ከቢላዋው ሥር ወደ ውሻው ስለሚወረወረው ነገር ነው።

አስቀድመን ጾሙን እናስብ። ከኅዳር 15 ጀምሮ ቤተ ሰቡ ጾመ ነቢያትን ሲጾም ውሻውም ሳይወድ በግዱ አብሮ ይጾማል፤ ድርሻው ሽሮ የነካው እንጀራ ነውና። ከአርባ ቀን በላይ ቅባት ያልቀመሰ ሆድ በገና ጧት ጮማውና የወጡ ትራፊ በአንድ ጊዜ ሲወርድበት ማስመለስና ተቅማጥ ይይዘዋል፤ ሲብስም ቆሽቱ ተቆጥቶ ለሞት ያደርሰዋል። ወጡ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። የዶሮ ወጥ ያለ ሽንኩርት አይሠራም፤ ሽንኩርት ግን የውሻንና የድመትን ቀይ የደም ሕዋሳት ያፈርሳል፤ መቀቀሉም መርዙን አያጠፋውም። በዚህ በኩል ድመት ከውሻ ይልቅ ትጎዳለች። የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም ተሰንጥቆ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። «የእኛ ውሻ ስንት ዓመት ሲበላው ኖሯል» የሚል አይጠፋም፤ የሞቱት ውሾች ግን መጥተው አይመሰክሩም።

ይህ ሁሉ ሆኖ፣ አብልጠን የምንፈራው ሳንባውን ነው። በልማዳችን ሳንባ የሰው መብል አይደለም፤ የውሻ ድርሻ ነው። በሳንባው ወይም በጉበቱ ላይ ብዙ ጊዜ ውሃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት ይታያል፤ አንዳንዱ ባቄላ ያህላል፣ አንዳንዱ ጭብጥ ይሞላል። አራጁም ቆርጦ ለውሻ ይወረውረዋል። በዚያ ከረጢት ውስጥ ግን ለዐይን የማይታዩ የትል ጽንሶች አሉ። ከውሻው አንጀት ሲደርሱ ያድጋሉ፤ ትሉ ቢያድግም ከ7 ሚሊ ሜትር እምብዛም አይበልጥም፤ ውሻውም አይከሳም፣ አያስልም፣ የታመመም አይመስልም። እንቁላሉ ከዐይነ ምድሩ ጋር ወጥቶ ሣሩን ይበክላል፣ ከጠጉሩም ይጣበቃል። ከብቱ ከሣሩ ያገኘዋል፤ ሕፃኑም ውሻውን አቅፎ ተጫውቶ፣ እጁን ሳይታጠብ ዳቦ ይቆርሳል። ከዓመታት በኋላ በዚያ ልጅ ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ያው ከረጢት ያብጣል፤ ብዙ ጊዜም ያለ ቀዶ ሕክምና አይወጣም።

በሽታው በአገራችን እንግዳ አይደለም። በደቡብ ኦሞ በኛንጋቶም ሕዝብ ዘንድ ሐኪሞች አግኝተውታል፤ በቄራዎቻችንም ከብት ሲመረመር ከረጢቱ ይገኛል። ከዚህ መዳን ይቻል እንደ ሆነ የሚጠይቅ ቢኖር የአይስላንድን ነገር ይስማ። በዚያች የበግ አርቢዎች ደሴት ሕዝቡ በዚሁ በሽታ ክፉኛ ይሠቃይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1863 ሐራልድ ክራብ የተባለ የዴንማርክ ሊቅ ሄዶ ነገሩን መረመረ፤ በሚቀጥለው ዓመት ገበሬው በሚገባው ቋንቋ የተጻፈች ትንሽ መጽሐፍ በነጻ ታደለች፤ በ1869 የውሾች ሕግ ወጣ። ከረጢቱ ለውሻ መሰጠቱ ቀረ፤ በሽታውም እየመነመነ ሄዶ ከደሴቲቱ ጠፋ። እኛ ማንበብ የተማርን ሰዎች ይህን ስንሰማ ለምን አናፍርም?

ጉድጓድ ያለው ጥልቅ አድርጎ ይቅበረው፤ ውሻ ቆፍሮ እንዳያወጣው ድንጋይ ይጫንበት። በልደታ ኮንዶሚኒየም የሚኖረውስ ጉድጓድ ከየት ያመጣል? እርሱ ከረጢቱን በእሳት ያቃጥል። ንጹሕ የመሰለውንም ሳንባ አንድ ሰዓት ያህል በደንብ ቀቅሎ፣ አብርዶ ለውሻው ቢሰጥ ድርሻውን አልነፈገውም። የእንስሳት ሐኪምም ይህን ትል የሚያጠፋ ፕራዚኳንቴል የተባለ መድኃኒት አለው።

አንድ ነገር እንጨምር። በበዓል ቀን በር ለእንግዳ ክፍት ነው፤ ርችትም ይተኮሳል፤ የደነገጠ ውሻ ይሸሻል ወይም ይነክሳል። ስለዚህ ከእንግዳ ራቅ ባለ ጸጥተኛ ክፍል ውሃውን አስቀምጦ መዝጋት ይሻላል፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱም በየዓመቱ አይታለፍ። የተነከሰ ሰው ቁስሉን በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ ታጥቦ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ባለቤት ያለውን ውሻ በዱላ ከመግደል ዐሥር ቀን አስሮ መጠበቅ ይበልጣል፤ በዚያ ጊዜ ጤነኛ ሆኖ ከቆየ በነከሰ ጊዜ በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው።

ለበዓሉ ወደየቤታችሁ የምትሄዱ ወንድሞችና እኅቶች፣ በዕርዱ ሰዓት ለአባቶች ንግግር አድርጉ አንላችሁም፤ ማንም አይሰማችሁም። ክዳን ያለው ባልዲ ይዛችሁ ከአራጁ አጠገብ ቁሙ። ሳንባውን ሲያነሡ «አባባ፣ እርሱን ለእኔ ይስጡኝ» በሉ፤ ውሻው ግን ሰንጋው ከመግባቱ በፊት ይታሰር።