«የለም» እና «አልተገኘም»፦ የዓሣን ዘር ከወንዝ ውኃ ስለ መመርመር



በጌዴኦ ዞን በገደብ ወረዳ የምትገኘው ባንኮ ጎቲቲ በዓለም የቡና ገበያ ስሟ የታወቀ ቀበሌ ናት። በመከር ወራት እሸት ቡናው ወደ መፈልፈያ ጣቢያዎች ሲጎርፍ፣ ለመፈልፈልና ለማጠብ ብዙ ውኃ ይፈስሳል። ከፍሬው የሚወጣው ስኳርና ዝልግልግ ሳይጣራ ወደ ጅረት የገባ እንደሆነ ረቂቃን ሕዋሳት እያብላሉት የውኃውን ኦክሲጅን ይጨርሳሉ፤ ውኃውም ይኮመጥጣል። በዚያ ጅረት የነበረው ዓሣ ምን ደረሰበት የሚለው ጥያቄ የተመራማሪው ብቻ አይደለም፤ ኑሮው በታጠበ ቡና ላይ የቆመው ገበሬም ጥያቄ ነው። መልሱ በተሳሳተ ማስረጃ ከተሰጠ፣ ወይ ጣቢያው ያለ ጥፋቱ ይወቀሳል፣ ወይ ጅረቱ ያለ ጠበቃ ይቀራል።

ዓሣ በኖረበት ውኃ ውስጥ የቆዳ ቅርፊት፣ ዝልግልግና ዓይነ ምድር ይተዋል። በእነዚህ ውስጥ የዘር መለያው፣ ማለትም ዲ.ኤን.ኤው፣ ይገኛል። አንድ ጠርሙስ ውኃ በረቂቅ ማጣሪያ ካለፈ በኋላ ዲ.ኤን.ኤው ተለይቶ ይወጣል፤ በቤተ ሙከራም ተባዝቶ አስቀድሞ ከተዘጋጀ መዝገብ ጋር ይነጻጸራል። በዚህ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2008 ዓ.ም. በፈረንሳይ ኩሬዎች ከውጭ የገባ የአሜሪካ እንቁራሪት መኖሩ ተረጋግጧል። ዛሬ ደግሞ ወንዝ ከባሕር በሚገናኝባቸው ስፍራዎች የዓሣን ዓይነት ለመከታተል በሰፊው ያገለግላል።

ኢትዮጵያ የባሕር ጠረፍ ባይኖራትም ወንዝ ከሐይቅ የሚገናኝባቸው ስፍራዎች አሏት። ከጌዴኦ ምዕራባዊ ተዳፋት የሚወርደው ውኃ በጊዳቦ ወንዝ አድርጎ ቆሮሶና አምባዛ ወደሚጠመዱበት ወደ አባያ ሐይቅ ይገባል። ነገር ግን የአባያ ውኃ በደለል የቀላ በመሆኑ ማጣሪያው ቶሎ ይደፈናል። በተጨማሪም ወንዝ ዲ.ኤን.ኤን ከላይ ወደ ታች ይዞ ስለሚወርድ፣ ከወንዙ አፍ የተቀዳ ጠርሙስ የትኛው ዓሣ የት እንደሚኖር ለይቶ አያመለክትም። ስለሆነም ናሙናው ከመፈልፈያው በላይና በታች፣ በየደረጃው ሊወሰድ ይገባል።

ከሁሉ የሚከብደው ችግር በመከር ወራት የሚገጥመው ነው። ኮምጣጣ ውኃ ዲ.ኤን.ኤን ፈጥኖ ይሰባብራል፤ ከቡናው ልጣጭ የሚወጡ ቅመሞችም የማባዛቱን ሥራ ያውካሉ። እንግዲህ ምርመራው እጅግ በሚያስፈልግበት ጊዜ ዓሣው በሕይወት እያለ ውጤቱ ባዶ ሊሆን ይችላል። በንጹሕ ውኃም ቢሆን ዘዴው ሁሉን አያይም። የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት፣ ነዋሪዎቻቸው አስቀድመው በታወቁ የኦኪናዋ የዓሣ ማሳያ ገንዳዎች ውስጥ ከነበሩት 180 የዓሣ ዓይነቶች 168ቱ ሲገኙ 12ቱ አልተገኙም።

የመዝገቡም ጉዳይ አለ። በጣና ሐይቅ 15 ያህል የትልቁ ባርበስ ወገኖች በአፋቸው ቅርጽ፣ በአመጋገባቸውና በመራቢያ ስፍራቸው ተለይተው ታውቀዋል። ሆኖም በዚህ ምርመራ የሚነበበው የእናት ወገን ዲ.ኤን.ኤ. እጅግ ስለሚቀራረብ አንዱን ከሌላው ለመለየት አይበቃም። ዓይነቶቹን በመጀመሪያ የለየው ዓሣውን በእጁ ይዞ የመረመረ ባለሙያ ነው፤ ስማቸውን በመዝገብ የሚያሰፍረውም እርሱ ነው።

ስለዚህ በጌዴኦ ጅረቶች ይህን ሥራ የሚጀምር ባልደረባ አራት ነገሮችን ቢያሟላ ይበጃል። አንደኛ፣ ከመከር በፊት፣ በመከርና ከመከር በኋላ ከዚያው ስፍራ መቅዳት፤ ሁለተኛ፣ የማባዛቱ ሥራ መታወክ አለመታወኩን ለማወቅ በናሙናው ውስጥ መጠኑ የታወቀ ባዕድ ዲ.ኤን.ኤ. መጨመር፤ ሦስተኛ፣ ከሌላ ስፍራ የተዛመተ ዘር እንዳያሳስት ንጹሕ ውኃን ጎን ለጎን መመርመር፤ አራተኛ፣ መረብ ጥሎ የተያዘውን ዓሣ ከምርመራው ውጤት ጋር ማስተያየት ናቸው።

ይህ ሳይሟላ በሪፖርት ላይ ሊጻፍ የሚገባው ቃል «አልተገኘም» እንጂ «የለም» አይደለም። በሁለቱ ቃላት መካከል የአንድ ጅረት ዕጣና የብዙ ገበሬዎች እንጀራ አለ።