ያገለገለ የናፍጣ መኪና ስለ መግዛት
(የመኪና ግዥ ኮሚቴው በዓመታዊው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ያሰማው ንግግር)

የዕድራችን አባሎች፤

ባለፈው ጉባኤ አራት ሰዎች መርጣችሁ «ያገለገለ የናፍጣ ፒካፕ ፈልጋችሁ ግዙ» ብላችሁን ነበር። መኪናው ተገዝቶ በር ላይ ቆሟል። አንዳንዶቻችሁም ስትገቡ ጎማውን በእግራችሁ መታ መታ ስታደርጉ አይተናል። ነገር ግን መኪናውን ከማመስገናችን በፊት የምንናዘዘው ጉዳይ አለ።

መነሻውን ታስታውሳላችሁ። አንዲት እናታችን በነሐሴ ባረፉ ጊዜ የተከራየነው መኪና ቀረብን። ድንኳኑ የደረሰው ከቀትር በኋላ ሲሆን፣ ለቀስተኛው ዝናብ ላይ ቆሞ ዋለ። የራሳችን መኪና ይኑረን የተባለው ያን ቀን ነው። አዲስ መኪና ከአቅማችን በላይ ነው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለ ተከለከለ፣ አሮጌው ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ዋጋውም አልቀመስ ብሏል።

ከአራታችን ሁለቱ ጡረተኛ ጸሐፊዎች፣ አንዱ ነጋዴ፣ አንዱ አናጢ ነን። መኪና የምናውቀው ተሳፍረን ነው። አንድ ደላላ ከቀትር በኋላ ወስዶ አንድ ፒካፕ አሳየን። ቀለሙ ያብረቀርቃል፤ ሞተሩ ሳይቀር ታጥቧል። ባለቤቱ «አባቶቼ፣ ይኼ እኮ እንደ ልጄ ያሳደግሁት ነው» አለን። ቁልፉን ነካ ሲያደርገው ተነሣ። እኛም ሌላ ሰው ሳይቀድመን ብለን 20 ሺህ ብር ቀብድ ቆጥረን ፈረምን።

በማግሥቱ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ መካኒክ የሆነውን የአንዲት አባላችንን ልጅ ይዘን ተመለስን። ልጁ ኮፈኑን ከፍቶ እጁን ሞተሩ ላይ አሳረፈና «ጋሼ፣ ትናንት ስታዩት ሞተሩ ሙቅ ነበር ወይስ ቀዝቃዛ?» ብሎ ጠየቀን። ማን ነክቶት! አሁን ግን በብርድ አድሯልና ሲያስነሡት አጓርቶ አጓርቶ እምቢ አለ። በስንት መከራ ሲነሣ ሰማያዊ ጢስ ግቢውን ሞላው። ልጁ የዘይት መሙያውን ክዳን ቢከፍት ጢሱ እፍ እፍ እያለ ወጣ። «ፋሻው አልቋል። ይኼ ሞተር መውረድ አለበት» አለን። ለካ ትናንት እኛ ከመድረሳችን በፊት ሞተሩን አሙቀው ጠብቀውናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቤንዚን ሞተር ነዳጁን የሚያቀጣጥለው በካንዴላ እሳት ነው። የናፍጣ ሞተር ግን ይህ የለውም። አየሩን ወደ ሃያ እጥፍ ግድም ይጨምቀዋል፤ አየሩ ሲጨመቅ ይግላል፤ ናፍጣው በዚያ ግለት ላይ ሲረጭ ይቀጣጠላል። ፋሻው ካለቀ አየሩ ያፈተልካል፤ ግለቱ ያንሳል። ሞተሩ ሲሞቅ ይህን ጉድለት ይሸፍነዋል፤ ሲቀዘቅዝ ግን ያወጣዋል። ስለዚህ የናፍጣ መኪና በጠዋት፣ ሳይነሣ፣ በብርዱ ነው የሚታየው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ከተወ ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ከተወ ግን እጥፉን ይመልሳል ይላል። እኛ ደግሞ ፈርመናል። በሽማግሌ ተለምኖ 10 ሺህ ብር ተመለሰ፤ 10 ሺህ ብር ቀረ። ይህ ብር በየወሩ ከመቀነታችሁ እየፈታችሁ ያዋጣችሁት ነው። ለአራት ተካፍለን 2,500 ብር በነፍስ ወከፍ ለዕድሩ ሣጥን እየከፈልን ነው፤ ደረሰኙም መዝገብ ላይ አለ። ጥፋቱ የደላላው ብቻ አይደለም፤ መቸኮሉ የእኛ ነው።

እናንተም ለራሳችሁ ወይም ለልጆቻችሁ ስትገዙ እንዳትጎዱ፣ የተማርነውን በአጭሩ እንናገር።

አንደኛ፣ ጢሱን ተመልከቱ። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየተቃጠለ ነው። ሞተሩ ከሞቀም በኋላ ነጭ ጢስ ካላቋረጠና ውሃውም የሚጎድል ከሆነ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ያጠራጥራል። ዘይቱ ሻይ በወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል። ጥቁር ጢስ ናፍጣ መብዛቱን ወይም አየር ማነሱን ያሳያል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ግድም ስለሆነች አየሯ ስስ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ዳገት ላይ ጥቂት ቢያጠቁር አትደንግጡ።

ሁለተኛ፣ ኪሎ ሜትር ቆጣሪውን አትመኑ፤ ወደ ኋላ ይመለሳል። የፍሪሲዮኑን ፔዳል ጎማና የመሪውን መላላጥ እዩ።

ሦስተኛ፣ ታይሚንግ ቺንጋው መቼ እንደ ተቀየረ ጠይቁ። ባለቤቱ ካላወቀ እንዳልተቀየረ ቁጠሩት። ከተበጠሰ ፒስተኑና ቫልቩ ይጋጫሉ።

አራተኛ፣ የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አስተያዩ። ቦሎው የታደሰ መሆኑን፣ የባንክ ዕዳ ወይም እገዳ አለመኖሩን አረጋግጡ። ይህ ሳያልቅ ቀብድ አትስጡ።

ከዚያ በኋላ ስድስት መኪና በጠዋት አየን። ሁለቱ ቤት «ምነው በሌሊት?» ብለው ተቆጡን፤ እኛም አመስግነን ተመለስን። ሰባተኛው ይህ በር ላይ የቆመው ነው። 2.8 ሊትር ባለ 3 ኤል ሞተር የቶዮታ ፒካፕ ነው። ቀለሙ የተላላጠ፣ ካሶኑ የዛገ ነው፤ እሱን አናጢያችን በጣውላ ለብጦታል። ባለቤቱ አንድ ሽማግሌ ሾፌር ናቸው። ገና ስንደርስ «ኑ፣ እጃችሁን አሳርፉበት፤ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል» አሉን። ካንዴሌታውን ጥቂት አሙቀው ቁልፉን ቢያዞሩት ወዲያው ተነሣ። ቺንጋው 100,000 ኪሎ ሜትር ሊሞላው ስለ ተቃረበ ወዲያው አስቀይረናል።

እስከ ዛሬ ለአራት ለቅሶ ድንኳኑን፣ አግዳሚውንና ድስቱን አድርሷል፤ አንድም ቀን አላረፈደም። አሁን የሚቀረን ዘይቱን በጊዜው የሚቀይር፣ በመዝገብም የሚጽፍ አንድ ኃላፊ መምረጥ ነው፤ ይህን ለጉባኤው እንተዋለን።

ሰው መኪና ሲገዛ ሥራ ይብዛለት ተብሎ ይመረቃል። እኛ ግን ይህ መኪና ሥራ ፈትቶ እንዲቆም እንመኛለን። ፈጣሪ ዕድሜና ጤና ይስጠን።