ርቀትም ቅጣት ነው

 

ሐምሌ 27 ቀን 2007 ፍርድ ቤቱ በኮሚቴዎቻችንና አብረዋቸው በተከሰሱት ላይ ከ7 እስከ 22 ዓመት ሲፈርድ ሁላችንም ዓመቱን ቆጠርን። ዛሬ ግን ሌላ ጥያቄ እናንሳ። ዓመቱን የሚወስነው ዳኛው ነው፤ የሚታሰሩበትን ቦታስ ማን ይወስናል?

የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 108 ጽኑ እስራት ለዚሁ በተመደበ ማዕከላዊ ማረሚያ ቤት ይፈጸማል ይላል። የትኛው እንደሆነ ግን አይጠቅስም። ስለዚህ ምርጫው በተግባር በአስተዳደሩ እጅ ነው። ቃሊቲም፣ ዝዋይም፣ ሸዋ ሮቢትም፣ ድሬዳዋም ለእኛ ለደቡብ ጎንደሮች ሩቅ ናቸው።

ልጇ ዝዋይ የታሰረባትን የእስቴ እናት አስቧት። በግ ሸጣ መሳፈሪያ ትይዛለች፤ በሶዋን ቋጥራ ደብረ ታቦር ትወጣለች። በወረታና በባሕር ዳር አድርጋ፣ አባይን ተሻግራ አዲስ አበባ ስትደርስ ገና 160 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀራታል። ዳኛው በእሷ ላይ አልፈረደም፤ መንገዱ ግን ቀጣት።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 21 የታሰረ ሰው በትዳር ጓደኛው፣ በቅርብ ዘመዱ፣ በጓደኛው፣ በሃይማኖት አማካሪው፣ በሐኪሙና በሕግ አማካሪው የመጎብኘት መብት ሰጥቶታል። ጠያቂ መድረስ ካልቻለ ይህ መብት ወረቀት ላይ ቀረ ማለት ነው።

በታህሳስ 2008 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ያጸደቀው የማንዴላ ደንብም በቁጥር 59፣ እስረኛ በተቻለ መጠን ለቤቱ ቅርብ በሆነ ስፍራ ይመደብ ይላል። በቁጥር 68 ደግሞ ሲዛወር ለቤተሰቡ ወዲያው የማሳወቅ መብት አለው። ስያሜው 27 ዓመት ታስሮ 18ቱን በባሕር በተከበበ ደሴት ላሳለፈ ሰው ነው። ደንቡ አስገዳጅ ውል ባይሆንም መንግሥታት የተስማሙበት መለኪያ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? አንደኛ፣ ቤተሰቦች ለቅርብ ማረሚያ ቤት የዝውውር ማመልከቻ በጽሑፍ ያስገቡ፤ ቅጂውንም ይያዙ። መጻፍ የማይችሉትን የመድረሳ ልጆቻችን ይጻፉላቸው። ሁለተኛ፣ ከጁሙዓ በኋላ ለመሳፈሪያ እናዋጣ፤ እስረኛን ማብላት አላህ በቁርኣን ያወደሰው ሥራ ነው። ሦስተኛ፣ የሌላ እምነት እስረኛ እናትም ያው መንገድ ይደክማታልና ጥያቄያችን ለሁሉም ይሁን።

ነቢዩላህ ያዕቁብ በዩሱፍ ናፍቆት ዓይናቸው እስኪጠፋ አለቀሱ፤ ከአላህ እዝነት ግን ተስፋ አልቆረጡም። እኛም በሰላም እንጠይቃለን፤ አንሰለችም። አላህ የታሰሩትን ከቤተሰባቸው ያገናኝልን፣ አሚን!

ድምፃችን ይሰማ!