ዕድሜ ከጤና ጋር
እርጅናን፣ በሽታንና ሞትን ስለ መታገል ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር



በኢትዮጵያ ሽማግሌ ሲመርቅ «ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥህ» ይላል። ቃሉ አጭር ነው፤ ነገር ግን ዛሬ በዓለም ታላላቅ ላቦራቶሪዎች ለሚካሄደው ክርክር መነሻ ሊሆን የሚችል ፍሬ ሐሳብ አለው። መራቂው ጤና የሌለው ዕድሜ መከራ እንደ ሆነ፣ ዕድሜ የሌለው ጤናም በአጭር እንደሚቀጭ ያውቃል፤ ስለዚህ ሁለቱን አጣምሮ ይለምናል።

የሰው ልጅ እርጅናን፣ በሽታንና ሞትን ድል ለመንሣት መጣር ይገባዋል ወይስ አይገባውም? ጥያቄው የፈላስፋና የሃይማኖት አባት ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ይሁን እንጂ ግድብ የሚሠራ፣ ቧንቧ የሚዘረጋና መንገድ የሚቀይስ ሰው ሁሉ፣ ቢያውቀውም ባያውቀውም፣ መልሱን በየቀኑ በሥራው ሲሰጥ ይኖራል።

በመጀመሪያ ሦስቱን ነገሮች መለየት ያስፈልጋል። በሽታ በአካል ላይ የሚደርስ ጉዳት ነው፤ ብዙውን ጊዜም ምክንያቱ ተለይቶ ይታወቃል። እርጅና አካል በጊዜ ብዛት እየዛለ መሄዱ ነው። ሞት ግን የሁሉ ፍጻሜ ነው። ሦስቱን በአንድ ቃል ጠቅልሎ «ይቻላል» ወይም «አይቻልም» ማለት፣ የግድግዳን ርጥበት፣ የመሠረትን ስንጥቅና የሕንጻን መፍረስ በአንድ ሒሳብ እንደ መገመት ይቆጠራል።

በሽታን ድል መንሣት የሚቻል ለመሆኑ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። ፈንጣጣ በኢትዮጵያ ሕፃናትን ሲፈጅ፣ የተረፉትንም ፊታቸውን ሲያበላሽና ዓይናቸውን ሲያጠፋ የኖረ በሽታ ነበር። እርሱን የማጥፋቱ ዘመቻ በጥር 1963 ዓ.ም. ተጀመረ። ከታቢዎች ሁለት ጥርስ ያላትን ትንሽ መርፌ ይዘው መንገድ በሌለበት ተራራና በረሃ ተጓዙ። በኢትዮጵያ የመጨረሻው ሕመምተኛ በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ተመዘገበ። በጥቅምት 1970 ዓ.ም. ደግሞ በተፈጥሮ መንገድ የተላለፈው የመጨረሻው ፈንጣጣ በሶማሊያ ታየ። በ1972 ዓ.ም. የዓለም ጤና ጉባኤ በሽታው ከምድር መጥፋቱን አወጀ።

ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ነገር አለ። ሐኪምና መርፌ ከመምጣታቸው በፊት፣ ከፈንጣጣ ቁስል ጥቂት ወስዶ የጤነኛውን ቆዳ ጫር በማድረግ የመክተብ ልማድ በአገሪቱ ነበር። «ከተበ» የሚለው ግሥም እስከ ዛሬ ድረስ ለጽሑፍም ለክትባትም ያገለግላል፤ በአንገት የሚንጠለጠለው ክታብና በክንድ ላይ የሚሰጠው ክትባት ከአንድ ሥር የወጡ ቃላት ናቸው። ስለዚህ ሞትን አስቀድሞ የመከላከል ፍላጎት ከባሕር ማዶ የመጣ አዲስ ነገር አይደለም።

የከብቱ ደስታ በሽታም ሌላው ምሳሌ ነው። በ1880ዎቹ መጀመሪያ በሬውን ፈጅቶ እርሻውን ጦም በማሳደር «ክፉ ቀን» የተባለውን ታላቅ ረሀብ ካመጡት ምክንያቶች ዋነኛው እርሱ ነበር። ይኸው በሽታ በ2003 ዓ.ም. ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ፤ ከፈንጣጣ ቀጥሎ በሰው ጥረት ከምድር የተነቀለ ሁለተኛው በሽታ ነው። ዛሬ በሰበታ በሚገኘው የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ናሙና የሚመረምሩ ባለሙያዎች፣ አያቶቻቸውን ያስራበው ጠላት በመስኩ ላይ የሌለ በመሆኑ ትኩረታቸውን ወደ ቀሩት በሽታዎች ማዞር ችለዋል።

አሁን ደግሞ ወደ ምሕንድስናው እንመለስ። በለንደን ከተማ ኮሌራ በተደጋጋሚ በገባበት ዘመን፣ ጆን ስኖው የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1854 በሽታው ከአንድ የውሃ ፓምፕ ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳየ። ቀጥሎም መሐንዲሱ ጆሴፍ ባዛልጌት የከተማውን ፍሳሽ የሚያስወግድ ታላቅ የምድር ውስጥ ቦይ ዘረጋ። ኮሌራ ለንደንን ለመጨረሻ ጊዜ በወረርሽኝ የመታው እ.ኤ.አ. በ1866 ሲሆን፣ የተጎዳውም ቦዩ ገና ያልተጠናቀቀለት የምሥራቁ ክፍል ነበር። የበሽታው ጀርም በሚገባ ታውቆ ለኮሌራ መድኃኒት ከመገኘቱ በፊት ጡብና ሲሚንቶ የብዙ ሰው ሕይወት አትርፈዋል።

የአዲስ አበባም ታሪክ ከዚህ የራቀ አይደለም። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከእንጦጦ ወደ ቤተ መንግሥቱ ውሃ በቧንቧ የወረደው በስዊዙ መሐንዲስ በአልፍሬድ ኢልግ አማካይነት ነበር። በኅዳር 1911 ዓ.ም. የገባው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ከተማይቱን ሲጎዳ፣ ሕዝቡ ከዚያ ያተረፈው ትምህርት ቆሻሻን ሰብስቦ የማቃጠል ልማድ ሆነ፤ ኅዳር ሲታጠን እስከ ዛሬ አልተረሳም። ኋላም በቡራዩ በኩል የሚገኘው የገፈርሳ ግድብ፣ ከ1962ቱ ከለገዳዲ ግድብ በፊት፣ የዋና ከተማይቱ ዋነኛ የተጣራ ውሃ ምንጭ ሆኖ አገልግሏል፤ ማጣሪያው በቀን 30,000 ሜትር ኩብ ግድም ያመርታል። በእነዚያ ዓመታት ከገፈርሳ በወረደው ውሃ ሳቢያ ሳይሞቱ ያደጉ ሕፃናትን ስም የመዘገበ የለም። የመሐንዲስ ሥራ እንዲህ ነው፤ ያተረፈው ሰው መትረፉን አያውቅም።

ከአምስት ዓመት በታች የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥር የዚህን ጥረት ውጤት ያሳያል። በአገር አቀፍ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2000 ከ1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስተኛ ዓመታቸውን ሳይደፍኑ ይሞቱ ነበር፤ በ2016 ቁጥሩ ወደ 67 ወርዷል። ክትባት፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ የወባ አጎበር፣ ንጹሕ ውሃና የተሻለ ምግብ በአንድነት ያመጡት ለውጥ ነው። ሆኖም 67ም ቢሆን ትንሽ ቁጥር አይደለም።

የሰበታው መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ከዚሁ ጋር ተያይዞ ሊታሰብ ይገባዋል። ትምህርት ቤቱ ዓይነ ስውራን ልጆችን አስተምሮ ለታላቅ ደረጃ በማብቃት የታወቀ ነው። ነገር ግን በኢትዮጵያ ዓይን ከሚያጠፉት በሽታዎች አንዱ የሆነው ትራኮማ ፊትን በንጹሕ ውሃ በመታጠብ፣ መጸዳጃ ቤት በመሥራትና ዝንብን በመቀነስ ሊገታ የሚችል ነው። ትምህርት ቤቱ ብርሃናቸውን ላጡ ልጆች ያደረገውን ማክበር ማለት፣ ሌሎች ልጆች ብርሃናቸውን እንዳያጡ ውሃውን ማድረስም ማለት ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ተረት የቅድሚያ ጥገናን ትምህርት በሁለት ቃል ጨርሶታል።

እርጅናን በሚመለከት ጉዳዩ ይከብዳል። መሐንዲሶች የአንድን መሣሪያ የብልሽት መጠን በሥዕል ሲያሳዩ መስመሩ የገንዳ ቅርጽ ይይዛል፤ በመጀመሪያ ከፍ ይላል፣ ቀጥሎ ለረጅም ጊዜ ዝቅ ብሎ ይሄዳል፣ በመጨረሻም መልሶ ያሻቅባል። የሰውም ሞት እንዲሁ ነው። እንግሊዛዊው የኢንሹራንስ ሒሳብ ሊቅ ቤንጃሚን ጎምፐርትዝ እ.ኤ.አ. በ1825 እንዳሳየው፣ ከጎልማሳነት በኋላ የሞት መጠን በየጊዜው በእጥፍ ያድጋል፤ ጊዜውም ወደ 8 ዓመት ይጠጋል። በዚህ ሒሳብ የ70 ዓመት ሰው በአንድ ዓመት ውስጥ የመሞቱ ዕድል ከ30 ዓመቱ ሰው 32 ጊዜ ያህል ይበልጣል። አንዱን የሽምግልና በሽታ ብቻ ማጥፋት የሚጨምረው ዕድሜ ጥቂት የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። በአሮጌ ሞተር ላይ አንዱ ኩሽኔታ ቢለወጥ፣ ጓርኒሲዮኑና ፒስተኑ ተራቸውን እየጠበቁ ናቸው።

ስለሆነም አንዳንድ ሊቃውንት በሽታዎቹን አንድ በአንድ ከማሳደድ ይልቅ የዝለቱን ሥር መመርመር ይሻላል ይላሉ። ሌናርድ ሄይፍሊክ እ.ኤ.አ. በ1961 የሰው ሕዋስ በላቦራቶሪ ውስጥ የሚከፈለው ለተወሰነ ጊዜ ብቻ መሆኑን አሳወቀ። ሲንቲያ ኬንየን በ1993 በአንዲት ጥቃቅን ትል ላይ አንድ ዘረ መል ሲለወጥ ዕድሜዋ በእጥፍ እንደሚረዝም አሳየች። ሺንያ ያማናካ በ2006 የጎለመሰን የአይጥ ሕዋስ ወደ መጀመሪያ ሁኔታው የሚመልስ ዘዴ አገኘ። እነዚህ ሁሉ እርጅና የማይመረመር ምሥጢር አለመሆኑን ይመሰክራሉ። ይሁን እንጂ ከትልና ከአይጥ እስከ ሰው ያለው መንገድ ረጅም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1997 በ122 ዓመቷ ያረፈችውን ፈረንሳዊት ዣን ካልማንን በተረጋገጠ ዕድሜ የበለጠ ሰው እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ሞትን ጨርሶ ማሸነፍ ግን ሌላ ነገር ነው። እርጅና ከነጭራሹ ቀረ፣ ሰው ሁሉ በወጣትነት ጉልበቱ ጸና እንበል። በየዓመቱ ከ1,000 ሰው አንዱ ብቻ በአደጋ ወይም በድንገተኛ ሕመም ቢሞት፣ አማካዩ ዕድሜ 1,000 ዓመት ይሆናል፤ ከመነሻው ሕዝብ ግማሹ ግን 693 ዓመት ሳይሞላው ያልፋል፤ ሺህ ዓመት የሚደፍነውም ከ100 ሰው 37ቱ ያህል ብቻ ነው። «ሺህ ዓመት አይኖር» የሚለው የሕዝብ አነጋገር ከሒሳቡ ጋር አይጣላም። በዚያ ዓለም ዋነኛው ገዳይ መንገድ፣ እሳት፣ ጎርፍና ያልጸና ሕንጻ ይሆናል። ከእንጦጦ ወደ ሱሉልታ የሚወርደውን ዳገትና ቁልቁለት፣ ከሰበታ ወደ ጅማ የሚያልፈውን የከባድ መኪና ጎዳና የሚያውቅ መሐንዲስ፣ ለዚያ ሩቅ ዘመን የሚሆነው ሥራ ዛሬም በእጁ እንዳለ ይረዳል። እንግዲህ ድል መንሣት የሚለው ቃል በትክክል ሲተረጎም ማዘግየት ማለት ነው።

ይህን ጥረት የሚቃወሙ ክርክሮች በቸልታ የሚታለፉ አይደሉም። የመጀመሪያው «ሞት የፈጣሪ ፈቃድ ነው፤ ሰው በእርሱ ሥራ አይግባ» የሚለው ነው። መልሱን የእንጦጦ ማርያም ጸበል ይሰጣል። ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለባቸው ብዙ ሰዎች ፈውስ ፍለጋ ወደዚያ ይወጡ ነበር። መድኃኒቱ በ1997 ዓ.ም. በነፃ መታደል ሲጀምር፣ አንዳንዶች ሁለቱን ማጣመር እምነት ማጉደል መሰላቸው። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ምእመናን መድኃኒቱን ከጸበሉ ጋር እንዲወስዱ በይፋ መከሩ። እምነትና ሕክምና ጠላቶች አለመሆናቸው ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻውም። «ዕድሜ ለንስሐ» ብሎ የሚጸልይ ምእመንም ዕድሜን መለመን ኃጢአት ነው ብሎ አያውቅም።

ሁለተኛው የመሬትና የሕዝብ ብዛት ጉዳይ ነው። በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር የተጠቃለሉት ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እጅግ ሰፍተዋል። የሰፉት ግን ሽማግሌዎች አልሞት ብለው አይደለም፤ ሥራና ቤት ፍለጋ ወጣቱ ስለ ጎረፈ ነው። በአንጻሩ ሕፃናት በሕይወት እንደሚያድጉ ወላጆች ሲተማመኑና ሴቶች ሲማሩ የወሊድ ቁጥር ይቀንሳል፤ በአገሪቱ አማካዩ እ.ኤ.አ. በ2000 ከነበረበት 5.5 በ2016 ወደ 4.6 ወርዷል።

ሦስተኛው ክርክር ከሁሉ ይጠነክራል። አሮጌው ካልሄደ አዲሱ መቼ ቦታ ያገኛል? ልጅ ርስቱን፣ ረዳቱ የአለቃውን ወንበር፣ ትውልዱ ሥልጣኑን መቼ ይረከባል? ለዚህ መልሱ ሞት እንዲያግዝ መጠበቅ ሳይሆን ሥርዓት ማቆም ነው። በእነዚህ ከተሞች ዙሪያ የሚኖረው የኦሮሞ ሕዝብ በገዳ ሥርዓት ሥልጣን በየ8 ዓመቱ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚተላለፍበትን ሕግ ደንግጓል፤ ሽማግሌው ሥልጣኑን የሚያስረክበው በሕይወት ሳለ ነው፤ ከዚያም በኋላ አማካሪ ሆኖ ይከበራል። ዕድሜ በረዘመ ቁጥር እንዲህ ያለው ልማድ ይበልጥ አስፈላጊ ይሆናል። በ60 ዓመት ጡረታ የሚወጣ ሰው ሃያ ዓመት በጤና የሚኖር ከሆነ፣ የጡረታ ገንዘቡ፣ የቤቱ ደረጃ፣ የእግረኛ መንገዱና የሽማግሌነት ወግ ሁሉ አብረው ሊታሰቡ ይገባል። ያለዚያ የተጨመረው ዕድሜ ለብቸኝነት የተጨመረ ይሆናል።

የቀረው የፍትሕ ጥያቄ ነው። እርጅናን የሚያዘገይ መድኃኒት አንድ ቀን ቢገኝ፣ በመጀመሪያ የሚደርሰው ሀብት ላለው ሰው መሆኑ አያጠራጥርም። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በሀብታም አገሮች ከተገኘ በኋላ ለኢትዮጵያ ድሃ በነፃ እስኪደርስ ዓመታት አልፈዋል፤ በእነዚያ ዓመታት የረገፈው ሕዝብ መድኃኒት ያልተፈጠረለት ሳይሆን ያልደረሰለት ነበር። ስለዚህ ምርምሩን መከልከል ሳይሆን ማድረሻውን አስቀድሞ ማሰናዳት ይገባል። ክትባት የሚያቀዘቅዝ መብራት፣ አምቡላንስ የሚያሳልፍ መንገድ፣ ፍሳሹን ሳያጣራ ወደ ወንዝ የማይለቅ ፋብሪካ፣ በየጤና ጣቢያው የማይቋረጥ ውሃ፤ ይህ ሁሉ ማድረሻ ነው፤ የሚሠራውም ሐኪም አይደለም።

በጠቅላላው፣ የሰው ልጅ በሽታን ድል ለመንሣት መጣር ይገባዋል፤ ፈንጣጣና ደስታ በሽታ እንደሚቻል መስክረዋል። እርጅናንም መርምሮ ማዘግየት ይገባዋል፤ የሽምግልናን ሥቃይ መቀነስ በማንኛውም ሚዛን መልካም ሥራ ነው። ሞትን ግን አጠፋለሁ ብሎ ሳይፎክር፣ ያለ ጊዜው እንዳይመጣ በር በሩን መዝጋት ይበቃዋል። ከበሮቹም ቀድሞ መዘጋት ያለበት በሕፃናት ላይ የተከፈተው ነው። በሱሉልታ ወይም በቡራዩ ዳርቻ ገና ቧንቧ ያልገባበት አዲስ መንደር ካለ፣ የ122 ዓመቱ ክርክር ከመቋጨቱ በፊት የዚያ መንደር የቧንቧ መስመር ተለክቶ፣ ተነድፎ፣ ተቆፍሮ መጠናቀቅ አለበት።